በሚኤሶ አናት ላይ የሚያልፈው ጋላክሲ

ሚኤሶን ብዙዎቻችን የምናውቃት በባቡር መስመሯ ነው። ይህች የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ትገኛለች። በመጋቢት ወር ማብቂያ አካባቢ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በሰንቡላ (ቪርጎ) የከዋክብት ስብስብ የሚገኘው ኤም 87 የተባለ ጋላክሲ ከአናቷ 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ያልፋል። ርቀቱ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ሲሆን፣ በመካከሉ የፀሐይን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ ግዝፈት ያለው ጥቁር ጉድጓድ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሄበር ከርቲስ ከዚህ ጋላክሲ እምብርት የሚወጣ ቀጥ ያለ ጨረር መሰል ነገር ተመለከተ። ዛሬ ጄት እንለዋለን፤ ርዝመቱም ወደ 5,000 የብርሃን ዓመት ይደርሳል። ለመሆኑ ከጥቁር ጉድጓድ ብርሃን እንኳ የማያመልጥ ከሆነ ጄቱ ከየት ይመጣል?

ጄቱ የሚነሣው ከጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን ከዙሪያው ነው። ወደ ጉድጓዱ የሚወድቀው ጋዝ እንደ ሳህን ተዘርግቶ ይሽከረከራል። አብረው የሚጠማዘዙት ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስኮች ከቁሱ ከፊሉን ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ወደ ውጭ ይወረውሩታል። በእነዚህ መስኮች ዙሪያ የሚጠመዘዙ ኤሌክትሮኖች ሲንክሮትሮን የተባለውን ጨረር ያመነጫሉ፤ ከዚህም ብዙው በራዲዮ ሞገድ ይደርሰናል።

ችግሩ የራዲዮ ሞገድ ረጅም መሆኑ ነው። ስፋቱ 25 ሜትር የሆነ አንቴና በ6 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ሲመለከት፣ ለይቶ የሚያየው የጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ሁለት አንቴናዎች አንዱ በሚኤሶ፣ ሌላው በአዲስ አበባ ቢተከሉስ? በመካከላቸው ያለው የቀጥታ ርቀት ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የተቀበሉት ሞገድ በአቶሚክ ሰዓት እየተለካ ተመዝግቦ በኮምፒዩተር ቢጣመር፣ በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለን የ3 ሳንቲ ሜትር ነገር የመለየት ያህል አቅም ይገኛል።

በዚሁ ስልት በዓለም ዙሪያ የተቀናጁ ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. በ2017 ያዩትን የኤም 87 ጥቁር ጉድጓድ ጥላ በ2019 ይፋ አደረጉ። በ2018 በተደረገ ሌላ ምልከታ ደግሞ ቀለበቱና ጄቱ በአንድ ምስል ታይተዋል፤ ውጤቱም በ2023 ታተመ።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። የተራራቁ አንቴናዎች ረቂቁን፣ የተቀራረቡት ሰፊውን የጄቱን ክፍል ያሳያሉ፤ ምስሉ የሚሟላው ሁሉም ዓይነት ርቀት ሲኖር ነው። በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ቴሌስኮፖች መካከል ግን ሰፊ ክፍተት አለ። ጋና ለሳተላይት መገናኛ ያገለግል የነበረውን ባለ 32 ሜትር አንቴና ወደ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ለውጣ በ2017 አስመርቃለች። በእንጦጦ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚያዩት የዓይን ብርሃንን በመሆኑ ጥርት ያለ ሌሊት ይሻሉ። ኤም 87 ግን በመስከረም ማብቂያ በአናታችን የሚያልፈው በቀትር ነው፤ በዚያን ጊዜ ሊከታተለው የሚችለው የራዲዮ አንቴና ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችንም የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል እናያለን። ቦታውን ተፈጥሮ ሰጥታናለች፤ የቀረው ፊዚክስን፣ ኤሌክትሮኒክስንና ኮምፒዩተርን አዋሕዶ የሚሠራ ትውልድ ነው።