ከእኛ ጋር ደጅ የሚያድር ውሻ ብርድ እንዳይጎዳው

እንደሚታወቀው የገጠር ሰው ሁልጊዜ ከቤቱ አያድርም። እህሉ ሲከመር አውድማ ላይ ያድራል። ከብት ወደ አዳማ ወይም ወደ ሞጆ ገበያ ሲነዳ መንገድ ላይ ያድራል። የአርሲ ሰው ሣር ፍለጋ ወደ ደጋው ሲወጣ ተራራ ላይ ያድራል። በፈንታሌ የሚኖሩ የከረዩ አርብቶ አደሮችም ከግመልና ከከብት ጋር ሜዳ ያድራሉ። በእነዚህ ሌሊቶች ሁሉ አንድ ባልደረባ አብሮ ያድራል። በአማርኛ ውሻ፣ በኦሮምኛ ሰሬ እንለዋለን።

ሰውየው ጋቢውን ወይም ቡልኮውን ተከናንቦ ይተኛል። ውሻውስ? ውሻው ብዙ ጊዜ ባዶ መሬት ላይ ነው። ውሻ እኮ ጠጉር አለው፣ አይበርደውም የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። እኛ አስተማሪዎችም በየመንደሩ ይህንኑ ሰምተናል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ውሻውን ይጎዳል፤ በኋላም ባለቤቱን ይጎዳል። እንዴት? ቀስ ብለን እንየው።

ቆላ ነው ብላችሁ አትዘናጉ

አዳማ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ነው። መተሐራ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ናት። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ስለዚህ እንግዳ ሰው እዚህ ብርድ የለም ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው። ደመና ከሌለ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ቀን ላብ ያስጠመቀን ሜዳ ሊነጋ ሲል የሚያንቀጠቅጠን ለዚህ ነው። ጤፍ የሚወቃው፣ ሰው አውድማ የሚያድረውም በእነዚሁ ወራት ነው።

የከፍታም ነገር አለ። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ዲግሪ ማለት ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚለካበት መስፈሪያ ነው። እስቲ እናስላ። ከአዳማ በላይ አሰላ አለች፤ ከአሰላ በላይ የጭላሎ ተራራ አለ። የጭላሎ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከአዳማ ጋር ያለው ልዩነት 2,400 ሜትር ያህል ይሆናል። በስሌታችን መሠረት ጫፉ ከአዳማ በ14 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አዳማ ሌሊቱ 14 ዲግሪ ቢሆን፣ ጭላሎ ጫፍ ላይ ውኃ በረዶ ወደ መሆን ተቃርቧል ማለት ነው። ቆላ ለምዶ የኖረ ውሻ በሁለት ቀን ጉዞ እዚያ ቢደርስ ጠጉሩ ለዚህ ብርድ አልተዘጋጀም።

ብርድ በየት በኩል ይገባል?

የጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ነው። የጤነኛ ውሻ ግን ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ሙቀት የሚያገኘው ከሚበላው ምግብ ነው። የሚያጣው ደግሞ በሦስት በር ነው።

አንደኛው በር መሬት ነው። የውሻ ሆድ ጠጉሩ ሳሳ ያለ ነው። ውሻ በቀዝቃዛ መሬት ላይ ሲተኛ መሬቱ ሙቀቱን ከሥር ይስበዋል።

ሁለተኛው በር እርጥበት ነው። ጠጉር የሚያሞቀው በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው። ጠጉሩ ሲርስ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ አየሩም ይወጣል። ያን ጊዜ ውሻው ጠጉር እንደሌለው ይቆጠራል።

ሦስተኛው በር ነፋስ ነው። ነፋስ በጠጉሩ መካከል ገብቶ የሞቀውን አየር ጠርጎ ይወስደዋል።

ውሻ ራሱ እነዚህን በሮች ለመዝጋት ይሞክራል። ሲበርደው ይጠቀለላል፤ አፍንጫውንም በጭራው ይሸፍናል። ከመተኛቱ በፊት መሬቱን ይጭራል። ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ካገኘ ውስጡ ይገባል። እኛ የቀረውን ብንሞላለት ምን ይቸግረናል?

በበረዶ አገር ያሉ ውሾችስ?

አንድ አንባቢ፣ ውሻ በበረዶ አገር ይኖር የለም ወይ? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እውነት ነው፤ ይኖራል። በሰሜን አሜሪካ አላስካ የሚባል እጅግ ብርዳም ምድር አለ። በ1917 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1925) ኖም በምትባል የአላስካ ከተማ ዲፍቴሪያ የሚባል የጉሮሮ በሽታ ገባ። መድኃኒቱ ያለው ሩቅ ነበር። ውሾች እየተቀባበሉ፣ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ እየጎተቱ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በአምስት ቀን ተኩል ያህል ጨርሰው መድኃኒቱን አደረሱ።

ታዲያ እነዚያ ውሾች ሁለት ድርብ ጠጉር አላቸው። ከላይ ረጅምና ሸካራ ጠጉር፣ ከሥር ደግሞ እንደ በግ ጸጉር የታመቀ ለስላሳ ጠጉር አለ። የእኛ አገር ቆላ ውሻ ግን ጠጉሩ አጭር ነው። ከዚህም ሌላ የአላስካ ሰዎች ውሾቻቸውን እንዲሁ አይተዉም። ሥጋና ስብ ያበሏቸዋል። ዛሬም በውሾች የጋሪ ውድድር ላይ ውሾቹ ሲያርፉ በበረዶው ላይ ጭድ ይነጠፍላቸዋል። ድርብ ጠጉር ላለው ውሻ ጭድ ካስፈለገ ለእኛው ውሻ ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን!

መኝታውን እንዴት እናዘጋጅ?

ደስ የሚለው ነገር፣ ለዚህ ሥራ ገንዘብ አያስፈልግም። አውድማ ላይ የጤፍ ጭድ ሞልቷል። ከአንድ ስንዝር ያላነሰ ውፍረት ያለው ጭድ አንጥፉለት። ጭዱ ደረቅ ይሁን። የረጠበ ጭድ ከባዶ መሬት አይሻልም። መሬቱ እርጥብ ከሆነ አስቀድሞ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግታችሁ ጭዱን ከላዩ አድርጉ።

ለመንገድ ደግሞ አንድ ባዶ ኬሻ ከጭነቱ ጋር ያዙ። ማታ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ሙሉበት። ለውሻው ፍራሽ ሆነለት ማለት ነው። ጠዋት አራግፋችሁ አጥፉት። ኬሻ ቀላል ነው፤ አህያዋንም አያስቸግርም።

ቀጥሎ ነፋሱን ከልክሉለት። የእህል ክምር፣ ትልቅ ድንጋይ፣ የወረደ ጭነት ነፋስ ይመልሳል። መኝታውን ነፋስ ከማይመጣበት በኩል አድርጉት። ድንጋይ ደርድራችሁ ከለላ ብትሠሩለትም ጥሩ ነው። ከለላው ግን ጠባብ ይሁን፤ ተጠቅልሎ ሲተኛ የሚበቃው ያህል ብቻ። ጠባብ ቦታን የውሻው ትንፋሽና ገላ ያሞቀዋል። ሰፊውን ግን ሊያሞቀው አይችልም።

ብዙ ቤተሰብ ዘንድ ውሻ ከሰው መኝታ አይገባም የሚል ልማድ አለ። እኛም ልማዳችሁን ተዉ አንልም። ውሻው ከደጅ ሆኖ፣ ከሰዎቹ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሊሞቀው ይችላል።

የአዋሽን ወንዝ ወይም የወንጂን የመስኖ ቦይ ተሻግሮ የረጠበ ውሻ ካለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በአሮጌ ጨርቅ አሹት። ሆዱንና በጣቶቹ መካከል ያለውን አትርሱ። እዚያው ላይ እሾኽና መዥገር መኖሩን እዩ። የግራር እሾኽ የገባበት ውሻ በማግሥቱ መንገድ አይሄድም።

እሳትና ገመድ

እሳት ጥሩ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የበረደው ውሻ ፍም ሥር ገብቶ ጠጉሩን ይለበለባል። መኝታውን ከእሳቱ ሦስት እርምጃ ያህል አርቁ። በተዘጋ ጎጆ ውስጥ ደግሞ ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ። የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ሰውንም ውሻንም ይገድላል።

ውሻውን ማሠር ካስፈለገ ከሰፈሩ አርቃችሁ አትሠሩት። ጅብ የታሠረ ውሻ ይበላል። ገመዱ ውሻው መኝታው ውስጥ ገብቶ እንዲተኛ፣ ተነሥቶም እንዲቆም የሚበቃ ይሁን።

ራት የውስጥ እሳት ነው

ቀን ሙሉ የተጓዘ ውሻ ቤት ከሚውል ውሻ የበለጠ ምግብ ይፈልጋል። ሌሊት የሚሞቀው ማታ በበላው ነው። ስለዚህ ሳይጨልም አብሉት። ቂጣ፣ ገንፎ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ በአጓት ቢለወስ ጥሩ ራት ነው። ንጹሕ ውኃም ስጡት፤ የጠማው ውሻ ብርድ አይችልም።

አንድ ነገር ግን አትስጡት። ከታረደ ከብት ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ብታዩ ለውሻ አትወርውሩ። በውስጡ ለዓይን የማይታይ የትል ዘር አለ። ውሻው ከበላው ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር እየወጣ ወደ ሰው ይተላለፋል። እንዲህ ያለውን አቃጥሉት ወይም አርቃችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት።

ብርድ የመታው ውሻ ምልክቱ

በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ጆሮውና እግሩ ይቀዘቅዛሉ። ሲራመድ ይደርቃል፤ ይንገዳገዳል። ብርዱ ሲብስ መንቀጥቀጡን ያቆምና ይፈዛል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተሻለው ይላል። አልተሻለውም! ይህ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው።

ያን ጊዜ ፈጥናችሁ ከነፋስ አውጡት። አድርቁት። በጋቢ ወይም በኬሻ ጠቅልሉት። ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከደረቱ አጠገብ አድርጉ። ወደ እሳት አታስጠጉት፤ የደነዘዘ ገላ መቃጠሉን አያውቅም። ነቅቶ ራሱን ሲያቀና ለብ ያለ ምግብ ስጡት። ቡችላ፣ ያረጀና የከሳ ውሻ ቶሎ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ወደ ደጋ ባትወስዱት ይሻላል።

ከመንገድ በፊት ክትባት

ውሻ ብዙ አገር ሲዞር ከብዙ ውሻ ጋር ይገናኛል። በዚህ ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ ሄዳችሁ ውሻውን አስከትቡ። ውሻ ሰው ቢነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በሽታው የዱር አራዊትንም ይጨርሳል። በአርሲና በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ አለ፤ በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ ይባላል። በመላው ዓለም ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አይገኝም። የቀረውም ከ500 አይበልጥም። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ብዙ ቀይ ቀበሮ ገድሏል። በሽታው ወደ እነሱ የሚሻገረው ከሰው ውሾች ነው።

የሞቀው ውሻ ይጠብቃል

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ተረት አለን። በሰነፍ ሰው ላይ ይተረታል። ግን እስቲ ያንን ውሻ እናስበው። ሌሊቱን በባዶ መሬት ላይ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ውሻ አፍንጫውን በጭራው ሸፍኗል፤ ሽታ አይደርሰውም። ወይም ቦታውን ትቶ ፍም ፍለጋ ሄዷል። ጅቡ የሚመጣው ደግሞ ብርዱ በሚበረታበት በዚያው ሰዓት ነው። በጓ ስትወሰድ ውሻውን እንረግመዋለን። አንድ ኬሻ ጭድ ግን ያችን በግ ባዳናት ነበር።

በአንጻሩ ራቱን የበላ፣ ደረቅ ጭድ ላይ የተኛ ውሻ እንቅልፉ ቀላል ነው። ኮሽ ሲል ጆሮውን ያቆማል። እኛ አስተማሪዎች ከተማሪዎቻችን ጋር አውድማ ባደርንባቸው ሌሊቶች ይህንን በዓይናችን አይተናል። ቀድሞ የሚነሣው፣ ቀድሞም የሚጮኸው መኝታ የተነጠፈለት ውሻ ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የውሻ ሙቀት የሚወጣባቸው ሦስቱ በሮች የትኞቹ ናቸው?
2. የበረደው ውሻ መንቀጥቀጡን ቢያቆም ተሻለው ማለት ነው? ለምን?
3. በእናንተ ቀበሌ ከብት ነድቶ ደጅ የሚያድር ሰው ለውሻው ምን ያነጥፋል? ከዚህ የተሻለ ዘዴ የሚያውቅ ካለ ለክፍሉ ይንገር።