የቁንዝላ የበጋ እንግዶች

ክረምቱ ወጥቶ የጣና ውሃ ከዳር መሸሽ ሲጀምር፣ ከቁንዝላ እስከ ግልገል ዓባይ መግቢያ ባለው ረግረግ የሩቅ አገር ዳክዬዎች ይሰፍራሉ። በአውሮፓና በሳይቤሪያ የተፈለፈሉ ናቸው። ከአገራቸው የሚያስወጣቸው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ላባቸው ብርድ ይችላል። ኩሬው በበረዶ ሲጋገር ግን ምግባቸው ከሥሩ ይቀራል። ስለዚህ በአብዛኛው ሌሊት ሌሊት እየበረሩ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይደርሱና በመጋቢት ገደማ ይመለሳሉ። ቢጫ ምንቃሩ ዳክዬና የግብፅ ዝይ ግን ዓመቱን ሙሉ የአገር ልጆች ናቸው።

ከእንግዶቹ ሁሉ የምታስደንቀኝ ጋርጋኒ ናት። ክብደቷ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሌሎቹ ከፊላቸው በደቡብ አውሮፓ ሲከርሙ፣ የአውሮፓ ጋርጋኒ ግን ጥቂት ካልሆነ በቀር ሁሉም ሰሃራን ይሻገራል። ወንዱ ሲመጣ እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሆነ መለየቱ ያስቸግራል። ወደ በጋው ማብቂያ ላባውን ይቀይርና ከዓይኑ በላይ ተነሥቶ ወደ ማጅራቱ የሚወርድ ነጭ ቅስት ያወጣል። ብዙዎቹ ስደተኛ ዳክዬዎች የሚጣመሩትም በሚከርሙበት አገር ነው፤ ወንዱ ያገኛትን ሴት ተከትሎ እሷ ወደተወለደችበት ረግረግ ይሄዳል።

ባለሹል ጭራው ዳክዬ ራሱን ወደ ውሃ ዘቅዝቆ፣ ጭራውን ሽቅብ አቁሞ ከሥር ዘር ይለቅማል። ምንቃረ ሰፊው ደግሞ ጭቃማውን ውሃ በምንቃሩ ጠርዝ ባለው ወንፊት እያጠለለ ጥቃቅን ነፍሳትን ያስቀራል። ሁለቱም ምግብ ፍለጋ እምብዛም አይጠልቁም። ጣና 14 ሜትር ያህል ቢጠልቅም ለእነሱ የሚጠቅማቸው ከጉልበት በታች ያለው ዳር ነው።

ችግሩም ያለው እዚያው ዳር ላይ ነው። ገበሬው የባሕር ሽሹን፣ ማለትም ውሃው እየሸሸ የሚለቀውን መሬት፣ እግር በእግር ተከትሎ ያርሳል፤ ቢፈረድበት አግባብ አይደለም፣ መሬት ጠቦታል። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይቃጠላል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የተባለው አረም የውሃውን ገጽ ሸፍኗል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከቁንዝላ አጠገብ ውሃ ስለሚወስድ፣ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ አይወሰንም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ምዝገባው ዳክዬውን የሚጠቅመው ቀበሌውና ገበሬው ተስማምተው ከደንገሉ ፊት ያለውን ጥልቀት የለሽ ውሃ እስከ መጋቢት ሳይታረስ ሲያቆዩት ነው። የቁንዝላ ሰዎች ሆይ፣ ይህን ስምምነት ከዚህ ዓመት ጀምሩት።