የመኪና ነጋዴው ስም ያለበት ቤተ ሙከራ

በሕንድ ራጃስታን፣ ኡዳይፑር አካባቢ ባሉ የገጠር መንደሮች፣ እናቶች ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ ሄደው አንድ ኪሎ ምስር ይዘው የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። ሴቫ ማንዲር የተባለ የአገሬው ድርጅት በወር አንድ ቀን፣ ቀኑን ሳያዛንፍ፣ ነርስ ወደ መንደሩ ይልክ ነበር። በአንዳንዶቹ መንደሮች ደግሞ ለእያንዳንዱ ክትባት ምስር፣ ክትባቱን ላስጨረሰች እናት የብረት ሳህን ይሰጥ ነበር። ተመራማሪዎች 134 መንደሮችን በዕጣ መድበው ውጤቱን ቆጠሩ። ምንም አዲስ ነገር ባልተደረገባቸው መንደሮች ክትባታቸውን ያጠናቀቁት ሕፃናት ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። ነርስ ሳይቀር በሚመጣባቸው 18 ሆኑ። ምስር በተጨመረባቸው 39 ደረሱ። ምስሩ ወጪ ያበዛል ብሎ የሠጋ ሰው ካለ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘው፤ ነርስ አምስት ልጅ ቢከትብም ሃያ ደመወዙ ያው ነውና፣ ለአንድ ሕፃን ሙሉ ክትባት 56 ዶላር ገደማ የነበረው ወጪ ወደ 28 ወረደ።

ይህን ጥናት የሠሩት ምሁራን የመሠረቱት ተቋም ዛሬ የሚጠራው በአንድ የጅዳ መኪና ነጋዴ ስም ነው። አብዱል ለጢፍ ጀሚል የፀረ ድህነት ቤተ ሙከራ ይባላል፤ በአጭሩ ጄ-ፓል።

ጅዳን ብዙ ኢትዮጵያዊ ያውቃታል፤ ሠርቶባታል፣ ከእርሷም ለወላጆቹ ገንዘብ ልኳል። ሼህ አብዱል ለጢፍ ጀሚል የዚያች የወደብ ከተማ ልጅ ነበሩ። ንግዳቸውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሆን፣ የቤተሰቡ ታሪክ ሲነገር መጀመሪያ የሚነሣው አንዲት ነዳጅ ማደያ ናት። በ1955 ከቶዮታ ጋር ተዋዋሉ። ያኔ ቶዮታ ከጃፓን ውጭ እምብዛም የሚያውቀው አልነበረም፤ አሜሪካ ውስጥ የሽያጭ ኩባንያ የከፈተው እንኳ ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። የኩባንያው ታሪክ የሽያጩን መነሻ አራት ላንድክሩዘሮች ያደርገዋል። በረሃ ላይ የቆመ መኪና መለዋወጫ የሚያቀርብለትና ፈቶ የሚገጥመው ከሌለ ላንድክሩዘርም ሆነ ሌላ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ የዚህ ንግድ ዋናው ነገር መኪናው ከተሸጠ በኋላ ያለው አገልግሎት ነው። ቤተሰቡ በሳዑዲ አረቢያ የሽያጭ ቤቱንና ጋራዡን አብሮ እያስፋፋ፣ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የቶዮታ አከፋፋዮች አንዱ ለመሆን በቃ።

ልጃቸው መሐመድ ጀሚል ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብተው ሲቪል ምህንድስና አጠኑ፤ የተመረቁት በ1978 ነው። አባታቸው በ1993 ሲያርፉ የቤቱ ኃላፊነት በእርሳቸው ላይ ወደቀ። በ2003 ኮሚዩኒቲ ጀሚል የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ቀድሞም ቢሆን ቤተሰቡ መስጠት አያውቅም ማለት አይቻልም፤ በጅዳ በአባትየው ስም የሚጠራ፣ ለትርፍ ያልቆመ የተሃድሶ ሕክምና ሆስፒታል አለ። አዲሱ ሥራ ግን ከንግዱ ባሕርይ የተቀዳ ነበር። መኪና በክፍያ የሚሸጥ ቤት፣ ሥራ ላጡ የሳዑዲ ወጣቶች ታክሲ እየነዱ ዕዳውን ቀስ በቀስ ከፍለው የራሳቸው የሚያደርጉበትን መንገድ ከፈተላቸው። ባብ ሪዝቅ ጀሚል የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ሥራ ፈላጊን ከቀጣሪ ያገናኛል፤ በቡድን ሆነው አንዷ ለሌላዋ ዋስ ለሚሆኑ ሴቶችም ትንንሽ ብድር ይሰጣል።

ቤተ ሙከራው የተወለደው በዚያው በ2003፣ መሐመድ ጀሚል በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ሰንዲል ሙላይናታን የተባሉ ሦስት የምጣኔ ሀብት ምሁራን አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይዘው ተነሡ፦ ለድሀ ተብሎ የሚወጣው ገንዘብ በእርግጥ ይሠራል ወይ? መልሱን ለማግኘት የመድኃኒት ተመራማሪዎችን ዘዴ ተዋሱ። መንደሮች ወይም ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን እርዳታውን ያገኛል፣ ሌላው ለጊዜው አያገኝም፤ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ዕጣ ስለሆነ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት በእርዳታው ምክንያት ነው ለማለት ያስደፍራል። በ2005 መሐመድ ጀሚል ለዚህ ሥራ ቋሚ ፈንድ በአባታቸው ስም ሰጡ። ቋሚ ፈንድ ማለት ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ፍሬው ብቻ ከዓመት ዓመት ሥራውን የሚያንቀሳቅስበት ስጦታ ነው። በ2019 ባነርጂና ዱፍሎ፣ ከማይክል ክሬመር ጋር፣ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዱፍሎ በምጣኔ ሀብት ዘርፍ ሁለተኛዋ ሴት፣ በዕድሜም ከሁሉ ታናሿ ተሸላሚ ሆኑ።

መኪና ከጋራዥ ሲወጣ ሳይነዳ ለባለቤቱ አይመለስም፤ መካኒኩ ራሱ ዞር ዞር ብሎበት ድምፁን ይሰማል። በበጎ አድራጎት ዓለም ይህ ልማድ ብርቅ ነው። ትምህርት ቤት ተሠራ፣ መጽሐፍ ታደለ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተበተነ፤ ልጁ ማንበብ ቻለ ወይ ብሎ የሚመለስ ጥቂት ነው። ክሬመር በኬንያ ገጠር ያዩት ይህን ነበር። መማሪያ መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶች ታደለ፤ አማካይ ውጤቱ ግን ፈቀቅ አላለም። የተጠቀሙት ቀድሞውኑ ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆኑ። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለአብዛኞቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር። ለጋሹ መጽሐፉን ብቻ ቆጥሮ ቢሄድ ኖሮ ይህን ማንም አያውቀውም ነበር።

የጀሚል ቤተሰብ ስጦታ ክብደቱ የሚታየው ግን በብድሩ ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ ራሱ ትንንሽ ብድር እየሰጠ ሳለ፣ በአባት ስም የሚጠራው ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በሕንድ ሃይደራባድ ከተማ ትንንሽ ብድር የድሆችን ሕይወት ይለውጣል ወይ ብለው ጠየቁ። በ2015 የእነርሱ ጥናት ከሌሎች አምስት አገሮች ጥናቶች ጋር በአንድነት ታተመ። ከአምስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ጥናቱ የተካሄደው ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ገጠር ነው። በኢትዮጵያ ብድር በገባባቸው ቀበሌዎች ተበዳሪው በእርግጥ በዛ፤ በሌላው የኑሮ መለኪያ ግን ብድር ካልገባባቸው ጋር ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። የስድስቱ ጥናቶች ጥቅል መልስም ጥቅሙ መጠነኛ ነው፣ ሕይወትን ግን ከሥሩ አይለውጥም የሚል ነበር። የሚወዱት ሥራ እንዲህ ሲመዘን ስጦታን አለማጠፍ ቀላል አይደለም። ብዙ ለጋሽ የሚፈልገው ምስጋና ነው፤ ይህ ቤተሰብ ግን እምቢ የሚል መልስ ሊያመጣ በሚችል ሥራ ላይ የአባቱን ስም አኖረ።

ሌሎቹ ስጦታዎች ብዙ ናቸው። በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከ2006 ጀምሮ የእስልምና ጥበብ የሚታይበት አዳራሽ በዚህ ስም ተከፍቷል። በዚያው በማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት በ2018 የተቋቋመውና ክሊኒክ የሚባለው የምርምር ማዕከል በኮምፒዩተር ታግዞ አዳዲስ አንቲባዮቲኮችን ይፈልጋል። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተላላፊ በሽታዎችን ስርጭት የሚያሰላው ኢንስቲትዩት የተከፈተው ኮቪድ ከመምጣቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በ2019 ነው።

በዘዴው ሁሉም አይስማማም። የ2015 የኖቤል ተሸላሚ አንገስ ዲተን፣ አንድ ቦታ በዕጣ ተሞክሮ የሠራ ነገር ሌላ ቦታም ይሠራል ብሎ መደምደም እንደማይቻል አጥብቀው ይከራከራሉ። ክርክራቸው ሚዛን የሚደፋ ነው፤ የራጃስታን ምስር በራሱ ለወሎ ወይም ለአፋር መልስ አይሆንም። ከዚህ የሚከተለው ግን በየቦታው እንደገና መሞከር ነው እንጂ መሞከሩን መተው አይደለም።

እንዲህ የተደረገበት አንድ ሥራ አለ። በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በሆንዱራስና በፔሩ፣ በአካባቢያቸው እጅግ ድሀ ለሆኑ ቤተሰቦች ብድር ሳይሆን ሀብት ተሰጠ፦ በግ፣ ፍየል፣ የንብ ቀፎ ወይም ዶሮ። ከዚያ ጋር ሥልጠና፣ ቁጠባ፣ ለጊዜው የሚሆን ቀለብና ቤት ድረስ እየመጣ የሚመክር ባለሙያ ተጨመረ። የኢትዮጵያው ሙከራ የተካሄደው በትግራይ ሲሆን፣ ቀለቡን የሸፈነው አገሬው ሁሉ የሚያውቀው ሴፍቲኔት ነበር። ድጋፉ ካበቃ አንድ ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲቆጥሩ፣ በስድስቱ አገሮች በአማካይ ቤተሰቦቹ የተሻለ ይበላሉ፣ ተጨማሪ ከብት አላቸው፣ ይቆጥባሉ። ከስድስቱ በአምስቱ ጥቅሙ ከወጪው በልጧል። በሆንዱራስ አልሆነም፤ ከተሰጡት ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ፣ እርሱም የዚህ ሙከራ ውጤት በ2015 ሲታተም ከሌላው ጋር አብሮ ተመዝግቧል።