የመምህራንን ጭንቀት እናዳምጥ



ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መምህሩ ከተማሪዎቹ ተለየ። በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ደግሞ፣ እንደ ጌጃ ሰፈር ቤት ከቤት ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቦታ፣ በሽታውን ለቤተሰብና ለጎረቤት እንዳያመጣ ይሰጋ ጀመር።

ሥጋት ሲመጣ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመቋቋም ይዘጋጃል። ሥጋቱ ወራት ሲቆይ ግን ሰውነት ዕረፍት ያጣል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሰው በትንሹ ይቆጣል። ይህ ስንፍና አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመኝታ ሰዓት ይጠበቅ፤ ጭንቀቱ ለሚታመን ባልደረባ ይነገር። ካልቀለለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። «አማኑኤል ሆስፒታል ገባ» እያሉ ማሽሟጠጥ ታማሚውን ከሕክምና ያርቃል።

ጎረቤታችሁ መምህር ከሆነ «እንደምን ሰነበቱ?» በሉት፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙት።