የታብሌትና የስልክ ቦታ ሲጠብ የመስክ መረጃን ከጥፋት ስለመጠበቅ

መግቢያ

የገበሬዎች ምዝገባ፣ የማዳበሪያ ጥያቄና የሰብል ናሙና ልኬት በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቦታ በታብሌት ወይም በስልክ ይሞላል። ለዚህ ሥራ የሚገዙት መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ዋጋቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ቦታቸው ጠባብ ነው። የወረቀት ቅጽ ቢያልቅ ሥራው ለጊዜው ይቆማል እንጂ የተሞላው አይጠፋም። ታብሌት በሥራ መካከል ቦታ ሲያጣ ግን የተሰበሰበውም መረጃ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በ4 ሜትር በ4 ሜትር ስፍራ ላይ ታጭዶ የተመዘነ የስንዴ ናሙና ውጤት ከጠፋ፣ ማሳው በሙሉ ከታጨደ በኋላ እንደገና ሊለካ አይችልም።

1. ሁለቱ ቦታዎች

በመሣሪያው ካርቶን ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 2 ጊጋባይት እና 32 ጊጋባይት። ትልቁ ቁጥር ማከማቻው ነው። ይህ እንደ ጎተራ ሲሆን የገባበት ነገር መሣሪያው ቢጠፋም ይቆያል። ትንሹ ቁጥር ማህደረ ትውስታው፣ በተለምዶ ራም የሚባለው ነው። ይህ ደግሞ እንደ አውድማ ነው፤ ሥራ የሚሠራበት እንጂ እህል የሚያድርበት ስፍራ አይደለም። ጎተራው ባዶ ሆኖ አውድማው ሊጠብ ስለሚችል የሁለቱ ችግር መድኃኒቱ የተለያየ ነው።

2. ማከማቻውን የሚሞላው ምንድን ነው?

ከ32 ጊጋባይት ውስጥ ከፊሉን የመሣሪያው ሥርዓት ራሱ ይይዘዋል። ለተጠቃሚው 12 ጊጋባይት ቀርቶለታል እንበል። አንድ ፎቶግራፍ 4 ሜጋባይት ቢሆን 3,000 ያህል ፎቶግራፎች ይሞሉታል። በደቂቃ 100 ሜጋባይት የሚወስድ ቪዲዮ ከሆነ ግን 2 ሰዓት ያህል ቀረጻ ይበቃዋል። በአንጻሩ አንድ የጽሑፍ ቅጽ 10 ኪሎባይት ቢይዝ፣ የ1,000 ገበሬዎች ቅጽ 10 ሜጋባይት፣ ማለትም ከ3 ፎቶግራፎች ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። በመሆኑም ቦታ ለማግኘት ሲባል ቅጾችን መሰረዝ ጥቅም የለውም። መሰረዝ ያለባቸው ቪዲዮዎችና በቴሌግራም በራሳቸው የሚወርዱ ፋይሎች ናቸው።

3. ራም ሲያንስ የሚደርሰው ጉዳት

ሠራተኛው ቅጽ እየሞላ ካሜራ ሲከፍት፣ ራም ያነሰው መሣሪያ ለካሜራው ቦታ ለማግኘት የቅጹን አፕሊኬሽን ሊዘጋው ይችላል። ያን ጊዜ ያልተቀመጠው መልስ ይጠፋል። ሚሞሪ ካርድ መጨመር ማከማቻውን እንጂ ራሙን አያሰፋም።

4. መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

ሀ) ካሜራ ከመክፈት በፊት ቅጹን ማስቀመጥ፤ የማያስፈልጉ አፕሊኬሽኖችን መዝጋት።

ለ) የካሜራውን ጥራት ዝቅ ማድረግ። ለቅጽ የሚያያዝ ፎቶግራፍ 2 ሜጋፒክስል ቢሆን ይበቃል።

ሐ) ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር የተሞሉትን ቅጾች መላክ፤ መድረሳቸውን ሳያረጋግጡ አለመሰረዝ።

መ) «መሸጎጫ አጽዳ» እና «ማከማቻ አጽዳ» የሚሉትን ትእዛዞች ለይቶ ማወቅ። በእንግሊዝኛ የፊተኛው ክሊር ካሽ፣ የኋለኛው ክሊር ስቶሬጅ ወይም ክሊር ዳታ ይባላል። የፊተኛው ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ያስወግዳል። የኋለኛው ግን ያልተላኩትን ቅጾች ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። አፕሊኬሽኑን አጥፍቶ እንደገና መጫንም ተመሳሳይ ጉዳት ያስከትላል።

ሠ) አዲስ ሚሞሪ ካርድ ከሥራ በፊት መፈተን። ከላዩ 128 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ሐሰተኛ ካርድ እውነተኛ ይዞታው እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ከይዞታው በላይ የተጻፈበት ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ካርዱን እስከ ጫፍ በፋይል ሞልቶ፣ ፋይሎቹ በትክክል መከፈታቸውን ማየት ያሻል።

5. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ግዢ ሲፈጸም በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ተለይተው እንዲጻፉ መጠየቅ ይገባል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድሮይድ 13፣ ለአነስተኛ መሣሪያዎች በተዘጋጀው ዓይነቱ እንኳ፣ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን እንጂ የሚመከር አይደለም። አቅም ከፈቀደ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው ቢገዛ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ገበሬው አዲሱ ምርት ከመግባቱ በፊት ጎተራውን እንደሚጠርግ ሁሉ፣ የልማት ሠራተኛውም ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ታብሌቱን ያዘጋጅ። የመረጃ መላክ ይቅደም፤ ማጽዳት ይከተል።