በአያት እርምጃ የታቀደ የባሕር ዳርቻ ጉዞ

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቡና ስታፈላ ወረቀትና ካርታ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በሐምሌ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ፣ ሁላችንም ኬንያ ሄደን ከሞምባሳ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወደ ሰሜን በመኪና ልንጓዝ አስበናል። ለአምስት ቀን ዘጠኝ ቦታ ጽፌያለሁ፤ መጨረሻው ላሙ ደሴት ነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና “ይሄ ሁሉ መንገድ ነው። ባሕሩን የምናየው መቼ ነው?” አለችኝ።

አባቴ አሰብ ወደብ ይሠራ ስለነበር እኔና እህቴ የተወለድነው እዚያ ነው። በ1983 ዓ.ም. ከወጣን ወዲህ እናቴ ባሕር አላየችም። አባቴ ካረፈ በኋላ ደግሞ የአሰብ ነገር ሲነሳ ወሬ ትለውጣለች። አሁን 72 ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊት አለባት፣ ጉልበቷም ደረጃ አይችልም። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩ። አያትና ልጅ ይዛችሁ ለመውጣት ካሰባችሁ ሁለተኛው ወረቀት ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ

ኬንያ ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱ ለከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌላው ከፍ ማለቱን ነው። ስለዚህ እናቴን የወሰድኳት በቀጥታ ወደ ክትባት መስጫ ሳይሆን ወደሚከታተላት ሐኪም ነው። ደግነቱ ከዓመታት በፊት እህቴን ልትጠይቅ ካምፓላ ስትሄድ የተከተበችበት ካርድ ከሻንጣ ሥር ተገኘ።

የኬንያ ጠረፍ ወባ ያለበት ቆላ ነው። አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ወባ ቀላል በሽታ አይደለም። የመከላከያ መድኃኒቱ ከጉዞ በፊት ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላም የሚቀጥል ስለሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ዓይነቱንና መጠኑን እንደየሰው ዕድሜና ክብደት፣ አያት ከሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ጋር አስተያይቶ የሚወስነው ሐኪም ነው። አጎበር ያለው ማረፊያ ምረጡ። ከተመለሳችሁ ሳምንታት አልፈውም ቢሆን ትኩሳት ከመጣ፣ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

መንገዱን ማሳጠር

ከሞምባሳ ማሊንዲ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ላሙ ለመድረስ ከዚያ በኋላ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ መጨረሻውም በጀልባ ነው። መጀመሪያ የሰረዝኩት ላሙን ነበር። ዘጠኙ ቦታ ሁለት ማረፊያ ሆነ፦ ሁለት ሌሊት ሞምባሳ፣ ሦስት ሌሊት ዋታሙ። ሻንጣ የሚታሰረው አንዴ ብቻ ነው።

ኬንያ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ ከነሹፌሩ ተከራየን። ሞምባሳ ላይ ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የሠሩትን የኢየሱስ ምሽግ አየን። ደረጃ ስላለው እናቴ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀችን። በማግስቱ በኒያሊ ድልድይ ወደ ሰሜን ወጣን። ቪፒንጎ አካባቢ ሰፊ የቃጫ እርሻ አለ፤ በመካከሉ ግንዳቸውን ሦስት ሰው ተያይዞ የማይከብባቸው የባኦባብ ዛፎች ቆመዋል።

እዚህ ላይ እናቴ ልክ ነበረች። መንገዱ የባሕር ዳርቻ መንገድ ይባል እንጂ ባሕሩ ከመኪናው ውስጥ ብዙም አይታይም። ጎልቶ የሚታየው ወደ የብስ የገባውን ውሃ በሚሻገሩት ድልድዮች ላይ ነው። ኪሊፊ ድልድይ ላይ ሹፌሩ ቀስ አለልን፤ እናቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፣ ምንም አልተናገረችም። የመጀመሪያውን ዕቅድ ብንከተል ኖሮ አምስቱንም ቀን በመኪና መስኮት ባሕር ስንፈልግ እንውል ነበር።

የባሕሩ ሰዓት

ሹፌሩ “ነገ ስንት ሰዓት እንነሳ?” ሲለን ልጆቹ ተደነቁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ የእነሱም አንድ ሰዓት የእኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ።

ከሰው ሰዓት ይልቅ ማወቅ ያለባችሁ የባሕሩን ነው። ውሃው በቀንና በሌሊት ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ የሙላቱና የሽሸቱ ልዩነት ከ3 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የየቀኑን ሰዓት የማረፊያችሁን ሠራተኞች ጠይቁ። ልጆቹ ዋናተኛ ስላልሆኑ ያለ አዋቂ ከጉልበት በላይ ውሃ አይገባም ብለን ወሰንን። ውሃው ሲሸሽ በድንጋዮቹ መካከል እሾሃም የባሕር ፍጡራን ስላሉ ጫማ ሳያደርጉ መራመድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1968 በተከለለው የዋታሙ የባሕር ፓርክ ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ዓሣ ሲያዩ፣ አያት ሳይረጥቡ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እኩል ያያሉ።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። እናቴ ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ቋጥራ ስለነበር ሁሉንም ወደ ጨርቅ ከረጢት ገለበጥን። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ካለ አይጨነቅ፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ከጨፓቲ ጋር በየቦታው አለ። በሐምሌ ንፋሱ ጠንከር ይላል፤ ነጠላ አትርሱ።

የመጨረሻው ቀን

በአራተኛው ቀን ለዋታሙ ቅርብ የሆነችውን ጌዴን ጎበኘን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው የለቀቃት የስዋሂሊ ከተማ ናት፤ የኮራል ድንጋይ ቤቶቿ በትልልቅ ዛፎች ተከበዋል። በአምስተኛው ቀን ማሊንዲ ሄደን፣ እ.ኤ.አ. በ1498 እዚያ የደረሰውን የቫስኮ ዳ ጋማን ሐውልት ልናይ ነበር። እናቴ ግን “እናንተ ሂዱ፣ እኔ ውሃው ሲመለስ ልየው” አለች። ሁላችንም ቀረን።

ባሕሩ ርቆ ሄዶ አሸዋው ተራቁቶ ነበር። ትንሹ ልጄ አጠገቧ ተቀምጦ “አያቴ፣ አሰብም ውሃው እንዲህ ይሸሻል?” አላት። ወሬ ትለውጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

“ይሸሻል፤ ግን እንዲህ አይርቅም” አለችው። “አያትህ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ በውሃው ዳር ዳር ነበር የሚመጣው።” ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት አወራችለት። ብዙውን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ማሊንዲን አላየንም።