የብየዳ ጢስና የሠራተኛ ጤና በፍኖተ ሰላምና በቡሬ

በምዕራብ ጎጃም ብረት የማይነካው ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻና ወገል፣ ነጋዴው እህሉን የሚያከማችበት የመጋዘን በር፣ የጭነት መኪናው ስፖንዳ፣ ሁሉም ከቀጥቃጭ ወይም ከበያጅ እጅ የወጣ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን የሚያቋርጥ፣ ቡሬም ወደ ነቀምቴ ለሚወስደው መንገድ መገንጠያ በመሆኗ፣ የጥገናና የብየዳ ሥራ በሁለቱም ከተሞች የታወቀ መተዳደሪያ ነው። ስለ ብረት ዋጋና አቅርቦት ብዙ ይነገራል፤ ብረቱ በሚሠራበት ጊዜ በሠራተኛው ጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

በንግድ አነጋገር በጠቅላላው «ብረት» ይባል እንጂ በመደብር የሚሸጠው ንጹሕ ብረት አይደለም። አረብ ብረት ማለት ብረት ከጥቂት ካርቦን ጋር ተዋሕዶ የሚገኝ ሲሆን፣ እንደ አገልግሎቱ ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል ወይም ሲሊከን ይጨመርበታል። ስቴንለስ ስቲል የሚባለው የማይዝግ ብረት ከመቶ ቢያንስ 10.5 እጅ ክሮሚየም አለበት፤ ለምግብ ዕቃ የተለመደው ዓይነት ደግሞ 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ያህል ኒኬል ይይዛል። እነዚህ ማዕድናት በብረቱ ውስጥ ታስረው ሳሉ እምብዛም ጉዳት የላቸውም። ቀዝቃዛው ብረት ጠርዙ እጅ ይቆርጥ፣ ክብደቱም እግር ይሰብር እንደሆነ ነው እንጂ። ብረቱ ሲቀልጥ፣ ሲቆረጥና ሲሞረድ ግን ታስሮ የነበረው ማዕድን ጢስና ትቢያ ሆኖ ወደ ሳንባ ይገባል።

በብየዳ ቤቶች ዘወትር የሚያጋጥመው ዚንክ ነው። ዚንክ ከአረብ ብረቱ ጋር የተቀላቀለ ሳይሆን ዝገት እንዳይበላው በላዩ የተለበጠ ነው፤ የጣራ ቆርቆሮና ብዙው የውኃ ቧንቧ እንዲህ የተለበጡ ናቸው። አረብ ብረት የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሲሆን፣ ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል። እንግዲህ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጢስ ሆኖ ይነሣል ማለት ነው። ይህን ጢስ የተነፈሰ ሰው በሥራው ሰዓት ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ከቤቱ ሲገባ፣ አፉን ብረት ብረት ይለዋል፤ ጉሮሮው ይደርቃል፤ ብርድ ብርድ ብሎት ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳት ይይዘዋል፤ መገጣጠሚያውንም ይቆረጥመዋል። ሐኪሞች የብረት ጢስ ትኩሳት ይሉታል።

በብር ሸለቆና በአካባቢው ቆላማ ቀበሌዎች ወባ የታወቀ በሽታ ስለሆነ፣ ማታ የተንቀጠቀጠ በያጅ «ወባዬ ተነሣብኝ» ቢል አይፈረድበትም። ጉዳቱ ግን በሁለት በኩል ነው። አንዱ ወባ ሳይኖርበት የወባ መድኃኒት ይውጣል። ሌላው ደግሞ፣ ይህ የባሰው ነው፣ በእርግጥ ወባ ይዞት ሳለ «የብየዳው ጢስ ነው፤ ነገ ይለቀኛል» ብሎ ይተኛል። የጢሱ ትኩሳት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተዋል፤ ወባ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ወባ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በደም ምርመራ ስለሆነ፣ በያጁ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ከመመርመሩም በላይ በዕለቱ ዚንክ የተለበጠ ብረት በይዶ እንደሆነ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል። በተጨማሪም ሰውነት ጢሱን በየቀኑ ሲለምደው ትኩሳቱ ይቀንስና፣ እሑድን አርፎ ሲመለስ ልማዱ ስለሚጠፋ እንደገና ይነሣል። በውጭ አገር ሠራተኞች «የሰኞ ትኩሳት» ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ወተትም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ወተት የብየዳን ጢስ ያጥባል የሚል እምነት በያጆች ዘንድ በብዙ አገር አለ። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ስለሆነ ከሳንባ ውስጥ ጢስ አያወጣም። ለሠራተኞቹ ወተት የሚገዛ አሠሪ ስለ ደግነቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሆኖም ያው ገንዘብ በጾም ወራት እንኳ ሳይቋረጥ ለሚያገለግል የመተንፈሻ ጭምብል ቢውል ይሻላል።

ከዚንክ ይልቅ የሚያሰጋው ቶሎ የማይታወቀው ጢስ ነው። በቡሬ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በዚያው ከተማ የተቀናጀ የግብርና ምርት ማቀነባበሪያ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። ምግብ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ሁሉ ጋኑና ቧንቧው ከማይዝግ ብረት እንዲሆን ይፈልጋልና፣ በበርና በመስኮት ሥራ ያደገው በያጅ ከስቴንለስ ስቲል ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ይህ ብረት ሲበየድ ከክሮሚየሙ ከፊሉ ባለ ስድስት ቫለንስ ወደሚባለው መርዛም ዓይነት ይለወጣል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ዓይነቱን ክሮሚየም እ.ኤ.አ. በ1990፣ የብየዳ ጢስን በጠቅላላው ደግሞ በ2017 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ወገን መድቧቸዋል። የዚህ ጢስ ጉዳት እንደ ዚንኩ በማግስቱ አይታይም፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ማንጋኒዝም እንዲሁ ነው፤ በተራው ኤሌክትሮድ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል፤ በድንጋይ መፍጫ መንጋጋ ውስጥ ከመቶ ከ11 እስከ 14 እጅ ይደርሳል። ለረጅም ጊዜ የተነፈሰውን ሰው እርምጃውን እንደሚያውክ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ገልጾታል።

የገጠሩ ቀጥቃጭም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ለማረሻ ተፈላጊ የሆነው በጥንካሬው ነው፤ ይኸው ጥንካሬው በቀዝቃዛው ሲመታ ስባሪ ያስፈነጥቃል፤ ስባሪውም ዐይን ያጠፋል። በደንብ አግሎ መቀጥቀጥና መነጽር ማድረግ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ሙያው ክብሩን ሳያገኝ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ የቀጥቃጭ ጉዳት የሚጽፈው ሰው ያጣውም ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል።

በከተማው ደግሞ የግራይንደር ዲስክ አለ። በ230 ሚሊሜትር ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት በደቂቃ 6600 ዙር ያህል ነው፤ ትንሹ ግራይንደር ግን እስከ 11000 ዙር ይሽከረከራል። ዲስኩ ቶሎ እንዳያልቅ ተብሎ መከላከያው ወልቆ ትልቁ ዲስክ በትንሹ ማሽን ላይ ሲታሰር፣ ፈንድቶ በሠራተኛው ፊት ላይ ቢበተን የሚያስገርም አይሆንም።

መከላከያው ከአቅም በላይ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ከመበየድ በደጅ፣ ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ ሆኖ መበየድ፤ በሚበየደው መስመር ግራና ቀኝ ያለውን ዚንክ አስቀድሞ ሞርዶ ማንሣት፤ ራስን ከጢሱ ዐምድ ማራቅ ምንም ያህል ወጪ አይጠይቅም። ፊት ላይ የሚታሰር ሻሽ ጢሱን አያግድም፤ ቢያንስ «ኤን 95» ወይም «ኤፍ ኤፍ ፒ 2» የሚል ምልክት ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ለዐይንም የፀሐይ መነጽር አይበቃም፤ ለኤሌክትሪክ ብየዳ የሚሆነው መስተዋት እንደ ሥራው ከ10 እስከ 13 ቁጥር ያለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ ዕቃ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስተማርን በአሠሪው ላይ ግዴታ አድርጓል። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርንም ይከለክላል። ጭራሹን መሣሪያ ለማቀበል ብቻ በበያጁ አጠገብ የሚቆም ልጅ ያለ ጭምብልና ያለ መነጽር የሚተነፍሰው ያንኑ ጢስ ነው።

ብረትና ኤሌክትሮድ አስመጪዎችም ድርሻ አላቸው። እያንዳንዱ የኤሌክትሮድ ካርቶን የዓይነቱን ቁጥር ይይዛል፤ ታዋቂ ፋብሪካዎችም በውስጡ ያለውን ማዕድንና አደጋውን የሚገልጽ ወረቀት ለጠየቀ ነጋዴ ይሰጣሉ። ይህን ወረቀት በአማርኛ አስጽፎ በመደብሩ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ዕቃውን ሲሸጥ ለበያጁ ሊያስረክበው ይችላል።